የፈረሰችው ቬጋስ

ላስ ቬጋስን የወደድኳት በፈረሰው በኩል ነው። የቆመው፣ የሚያብረቀርቀው፣ ፎቶው ጎጃም፣ ሞጣ ድረስ የሚመጣው ቬጋስማ የመጀመሪያው ምሽት ላይ ዓይኔን አፍዝዞታል። አውሮፕላኑ ጨለማ በረሃ ሲያቋርጥ ቆይቶ ክንፉን አዘነበለና፣ ከታች መሬቱ በብርሃን ነደደ። ቀይ፣ ወርቃማ፣ ሐምራዊ! አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ፤ እኔ መስኮቱ ላይ ተለጥፌያለሁ። ሻንጣዬን ሳልቀበል፣ አየር ማረፊያው ውስጥ የቁማር ማሽኖች ተደርድረው አየሁ። ሰው ቦርሳውን እግሩ ሥር አድርጎ ይጫወታል። እናቴ ስትሸኘኝ "ከቁማር ቤት ደጃፍ እንዳትደርሺ" ብላኝ ነበር፤ ለካ የከተማው በር ራሱ የቁማር ቤት ደጃፍ ነው።

የተቀበሉኝ አጎቴ ናቸው፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። የብቸና ሰው ናቸው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው፣ ዞረው ዞረው እዚህ በረሃ ላይ ኑሯቸውን ተከሉ። ታክሲ ይነዳሉ። ከመኪና ማቆሚያው ሳንወጣ ሌላ ታክሲ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "እንዴት አመሹ ጋሼ! እንግዳ መጣ እንዴ?" አለ።

"ከሞጣ ናት፣ የእህቴ ልጅ" አሉት፤ ድምፃቸው ውስጥ ያለው ኩራት ድካሜን አስረሳኝ።

ስትሪፕ በሚሉት ዋና ጎዳና ይዘውኝ ገቡ። የግብፅ ፒራሚድ አለፈን። የፓሪስ ማማ አለፈን። ፊት ለፊቱ ሐይቅ አለ፤ ውሃው በሙዚቃ እየተነሣ ይጨፍራል። በረሃ ላይ! እኔ "እዩት! እዩት!" እላለሁ። እሳቸው ግን እኔ የማየውን አያዩም። "ይኼ ውሃ የሚዘልበት ዱንስ ካዚኖ ነበረ" ይሉኛል። "ያ ደግሞ ሳንድስ ነበረ። ያ ወርቃማ ሕንፃ ያለበት ደዘርት ኢን።" እኔ በአንዲት ከተማ ውስጥ እሄዳለሁ፤ እሳቸው በሁለት ከተማ ውስጥ ይነዳሉ። የጉዞዬ ነገር የተለወጠው እዚያች መኪና ውስጥ ነው። ከዚያ ምሽት ጀምሮ፣ የድሮውን ከተማ ካላሳዩኝ አልኳቸው።

"ታዲያ ስመኘው የኖርኩት ይኼን ጥያቄ አይደለም?" አሉኝ።

እኔ ያደግሁበትን አገር ያየ ሰው የገረመኝን ነገር ይረዳልኛል። የሞጣ ጊዮርጊስን ያሠሩት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው ይባላል፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ አለ፤ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ የተቆረጠ። የጎጃምና የጎንደር ነጋዴ ከ60 ዓመት በላይ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በክፍተቱ ላይ እየተጎተተ ተሻገረ፤ ድልድዩን ግን ትቶት አልሄደም። በ2002 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ፣ ኬን ፍራንትዝ፣ ፎቶውን መጽሔት ላይ አይቶ መጥቶ ከሰዉ ጋር እስኪጠግነው ድረስ እንደዚያው ኖረ። እኛ ዘንድ የተሰበረው ነገር ስሙን እንደያዘ ይቆያል።

ቬጋስ ላይ ግን ዱንስ የተባለው ካዚኖ በ1955 ተከፍቶ በ1993 በድማሚት ወረደ። ገና 38 ዓመቱ! ያን ማታ 200 ሺህ ያህል ሰው ሊያይ ወጣ፤ ርችት ተተኮሰ። አጎቴ ሕዝቡ መሐል ነበሩ። "ሰዉ ያጨበጭባል፣ እኔ አቧራው ዓይኔ ገባ" አሉኝ። ሳንድስ በ1996 ወረደ፤ ፍራንክ ሲናትራ፣ ዲን ማርቲንና ሳሚ ዴቪስ ጁኒየር በ1960 አንድ መድረክ ላይ እየወጡ ዓለምን የሳቡበት ቤት ነው። ስታርደስት በ2007። ትሮፒካና ደግሞ 67 ዓመት ሠርቶ በ2024 ሚያዝያ መግቢያ ላይ ተዘጋና፣ በጥቅምት አንድ ሌሊት በድሮንና በርችት ታጅቦ ፈረሰ። ለሕንፃ ሞት ድግስ የሚደግስ ከተማ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አሁንም ማመን ያቅተኛል።

በማግሥቱ ፍሪሞንት ጎዳና ወሰዱኝ፣ ወደ አሮጌው መሐል ከተማ። የጮቄ ተራራ ብርድ ላሳደገኝ ሰው ያ ሙቀት ሙቀት አይባልም፤ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ አፍ የወጣ ነው። ከተማዋ የተወለደችው በግንቦት 1905 ነው፣ የባቡር ኩባንያ መሬቱን በጨረታ ሲቸበችብ። ከዓመት በኋላ፣ በ1906፣ ዛሬ ጎልደን ጌት የሚባለው ሆቴል እዚህ ጥግ ላይ ተከፈተ፤ በ1907 የከተማዋን የመጀመሪያ ስልክ ያስገባው እሱ ነው፣ ቁጥሩም 1። ከአዲስ አበባው ጣይቱ ሆቴል ጋር እኩያ መሆኑን ሳሰላው ደስ አለኝ፤ ጣይቱም በ1898 ዓ.ም. ነውና። ኔቫዳ ቁማርን በሕግ የፈቀደችው ደግሞ በመጋቢት 1931 ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ሰጡ። ሁለቱም በ1923 ዓ.ም.! አንዱ ግዛት ቁማር ሲፈቅድ፣ የኔ አገር ሕገ መንግሥት ትፈርም ነበር።

ጎልደን ጌት ከ1959 ጀምሮ ሽሪምፕ በ50 ሳንቲም ይሸጥ እንደነበር አጎቴ ነገሩኝ። ሽሪምፕ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ የብቸና ሰው ናቸው። ዋጋውን ግን ይናፍቃሉ። "ያኔ ይኼ ከተማ ድሀን ያበላ ነበር" ይላሉ። መኪና ማቆሚያ በነፃ፣ ስቴክ በጥቂት ዶላር፤ ካዚኖው ትርፉን ከጨዋታው ስለሚያገኝ ሌላውን ሁሉ በቅናሽ ይሰጥ ነበር። አሁን ምግቡም፣ ክፍሉም፣ ማቆሚያውም ለየራሱ ያተርፋል።

አጎቴ ታክሲ ከመንዳታቸው በፊት ሳንቲም መንዛሪ ነበሩ። ወገባቸው ላይ ሳንቲም የሞላ ቦርሳ ታጥቀው በማሽኖቹ መሐል ይዞራሉ፤ ተጫዋቹ ብር ይሰጣቸዋል፣ እሳቸው ጥቅል ሳንቲም ይሰጡታል። ሺፍታቸው ሲያልቅ ጣታቸው በብረቱ ጥቁር ይሆናል፤ የሚጫወተውም ሰው ጣቱ ይጠቁራል፣ ለዚያም ነው ካዚኖዎቹ እርጥብ መጥረጊያ ያድሉ የነበረው። ከ2000 በኋላ ማሽኖቹ ሳንቲም መትፋት ትተው ወረቀት ቲኬት ማተም ጀመሩ። ሥራው ቀረ። ድምፁም ቀረ። ያን ድምፅ ነበር ሊያሰሙኝ የፈለጉት።

ኤል ኮርቴዝ ገባን። በ1941 የተከፈተ ነው፤ ዛሬም ጥቂት ሳንቲም የሚበሉ ማሽኖች ይዟል። አጎቴ አንድ ሩብ ዶላር መዳፌ ላይ አደረጉ። "እናትሽ እንዳትሰማ፤ ለጨዋታው አይደለም፣ ለጆሮሽ ነው።" ክንዱን ሳብኩት። ምንም። ሌላ ሰጡኝ፤ ሳብኩት። ከዚያ ኳ! ኳ! ኳኳኳኳ! ሳንቲሙ ከብረት ትሪው ላይ ይወርዳል፣ ይነጥራል፣ አንዱ ወለሉ ላይ ተንከባሎ አመለጠ። ጥቂት ዶላር ቢሆን ነው። እኔ ግን ጮኽኩ! በዚያ ረድፍ የተቀመጡ ነጭ ሽማግሌ ዞረው ሳቁልኝ። አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። "እንግዲህ ይኼን በሺህ አባዢው" አሉኝ። "ቀን ከሌሊት። ከተማው በሙሉ እንደዚህ ይጮህ ነበር።" በዚያች ደቂቃ፣ በሕይወቴ ያልኖርኩበት ዘመን ናፈቀኝ። እንዲህ ያለ ናፍቆት መኖሩን አላውቅም ነበር።

ቁማሩን አላወድስም። ደሞዙን ወደ ቤት ሳያደርስ እዚያው ያስቀረ ወገን እንዳለ አጎቴ ነግረውኛል፣ ሲናገሩም ድምፃቸው ዝቅ ይላል። የሚናፍቁት ግን ሰዉን ነው።

አመሻሽ ላይ ኒዮን ሙዚየም ሄድን። የከተማዋ የወረዱ የመብራት ሰሌዳዎች ሰፊ ግቢ ውስጥ ተደግፈው ቆመዋል፤ ከሰው በላይ የረዘሙ ፊደላት፣ ከዋክብት፣ ቀለማቸው የተላጠ ዘውዶች። ፀሐይዋ ስትጠልቅ የተጠገኑት አንድ በአንድ በሩ። ሮጥኩ፤ እውነቴን ነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሮጥኩ! አጎቴ ግን አንዱ ፊት ቆሙ፤ ተያይዞ በእጅ እንደተጻፈ የሚጠማዘዝ ሮዝ ፊደል። ሙለን ሩዥ።

ታሪኩን እዚያው ነገሩኝ። በ1950ዎቹ ቬጋስ ጥቁርና ነጭ ተለይቶ የሚኖርባት ከተማ ነበረች። ሳሚ ዴቪስ፣ ናት ኪንግ ኮል፣ ሊና ሆርን በትልልቆቹ ካዚኖዎች እየዘፈኑ፣ ዘፍነው ሲጨርሱ ግን በኩሽና በር ወጥተው ጥቁሮች ወደሚኖሩበት ምዕራብ ሰፈር ይሄዱ ነበር። ሙለን ሩዥ በግንቦት 1955 ተከፍቶ ጥቁሩንም ነጩንም በአንድ ጠረጴዛ አስቀመጠ። ቦክሰኛው ጆ ሉዊስ በሩ ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። ሌሎቹ ካዚኖዎች ሲዘጉ ዘፋኙ ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል፣ እስኪነጋ። ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ግን በመጋቢት 1960፣ ጥርስ ሐኪሙ ጄምስ ማክሚላን የሚመሯቸው ጥቁሮች ሰልፍ እንወጣለን ብለው ከተማዋን ሲያስጨንቁ፣ ስትሪፕ ላይ የዘር ልዩነት እንዲቀር የተስማሙት በዚያው በተዘጋው ሕንፃ ውስጥ ተገናኝተው ነው። "እኔ በፊት በር ገብቼ የሠራሁት በነሱ ነው" አሉ አጎቴ። ሰሌዳውን የነደፉት ቤቲ ዊሊስ ናቸው፣ "እንኳን ወደ ድንቋ ላስ ቬጋስ በደህና መጡ" የሚለውን የ1959ኙን ታዋቂ ሰሌዳ የሠሩት ሴት። በ2020 መልሰው አብርተውታል። ሮዝ ብርሃኑ የአጎቴ ፊት ላይ ሲያርፍ፣ ያቺን ቆሻሻም ውብም የነበረች ዘመን ለምን እንደሚወዷት ገባኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ወሰዱኝ። ከስትሪፑ በስተምዕራብ ያለውን የሐበሾች ሠፈር ክላርክ ካውንቲ በ2023 "ትንሿ ኢትዮጵያ" ብሎ ሰይሞታል። ዕጣኑ፣ ፈንዲሻው፣ ጀበናው፤ ዓይኔን ብጨፍን ሞጣ ገበያ አጠገብ ነኝ። ጨዋታው ግን ሌላ ነው። የታክሲ ነጂዎች፣ ካዚኖ ውስጥ ካርታ የሚያድሉ ዲለሮች፣ የሆቴል ክፍል ያጸዱ እናቶች ተሰብስበው ስለፈረሱ ካዚኖዎች ይከራከራሉ! አንዱ "ትሮፒካና የሞተ ዕለት ታክሲዬን አቁሜ አለቀስኩ" ይላል። ሌላው "እኔ ያለቀስኩት ለፒያሳ ነው" ይለዋል። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ፣ ትሮፒካናም በዚያው ዓመት በሩን ዘግቷልና፣ በአንድ ወቅት ሁለት ከተማ አጥተዋል። ልጅነታቸው እዚያ ፈረሰ፣ ጉልምስናቸው እዚህ።

የሞጣ ሰው አገኘሁ! ጠይም፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ እናት ናቸው፤ ስታርደስት እስኪዘጋ ድረስ ክፍል ያጸዱ ነበር። "የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ፤ አያቴን ስጠራላቸው ሦስቴ ሳሙኝ። ከዚያ እጄን ሳይለቁ ስለ ስታርደስት ሰሌዳ አወሩኝ፤ ሌሊት ሺፍት ጨርሰው ሲወጡ የከዋክብቱ መብራት አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ያበራላቸው እንደነበር፣ እንግሊዝኛ ማንበብ የጀመሩት ከነዚያ ፊደላት እንደሆነ። "ኤስ፣ ቲ፣ ኤ" እያሉ በጣታቸው አየር ላይ ጻፉልኝ። ፊደሎቹ ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ እንዳሉ ነገርኳቸው። አላዩአቸውም ነበር።

"አሉ? ቆመው?"

"ቆመው ነው፣ እማማ። በእጄ ነክቻቸዋለሁ።"

ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። አጎቴ ቁልፋቸውን አወጡ። "ቆይ፣ ቆይ፣ እኛስ?" አለ የትሮፒካናው ሰው። ዲለሩም ተነሣ፣ ቡና የምታፈላው ልጅም ሦስተኛውን ረከቦቱ ላይ ትታ መቀነቷን ፈታች። መጀመሪያ ሙለን ሩዥ የነበረበትን ባዶ መሬት እንየው፣ የለም መጀመሪያ ስታርደስት፣ እያሉ ይጨቃጨቃሉ። አራት ታክሲ ተከታትሎ ወጣ፤ እማማ ከፊት፣ አጎቴ ጎን፣ እኔ ከኋላ ወንበር በሁለቱ ትከሻ መሐል አንገቴን አስግጌ፣ "ከዚያስ? ከዚያስ?" እያልኩ።