ከሱሉልታ ሜዳ ወደ ባሕር

የዚህ ወር ጉዟችን ሩቅ አይደለም። ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ተሳፍረን፣ የእንጦጦን ትከሻ በጎጃም መንገድ ተሻግረን ሱሉልታ ወረድን። ባሕር ዛፉ ወደ ኋላ ሲቀር ሣር የለበሰው ሜዳ ይዘረጋል። የድርቆሽ ክምር፣ የወተት ላሞች፣ በመንገዱ ዳር የሚሮጡ አትሌቶች ይታያሉ። ዛሬ የሸገር ከተማ አካል የሆነችው ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ብርዳም ደጋ ናት።

ወደዚህ ደጋ የመጣነው ግን ስለ ባሕር ልንጠይቅ ነው። የጁሙዓን ሰላት ሰግደን የገባንበት ቤት የበኩር ልጁን ለባሕር ኃይል የሰጠ ቤት ነው። ቡናው እስኪፈላ አባት እንዲህ አጫወቱን፦

«በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድምፁን አልሰማንም። ከዚያ አንድ ምሽት ደወለ። ‘አባ፣ አልቻልኩም፤ ኑና ውሰዱኝ’ አለ። እኔ ወዲያው ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ።»

እናት ሳቅ አሉ። «ስልኩን ተቀበልኩት» አሉን። «‘ታመሃል ወይ? የበደለህ ሰው አለ?’ አልኩት። ‘የለም’ አለ። ገና ሳይነጋ መነሳቱ፣ ሩጫው፣ ከሁሉም በላይ ውኃው ነው የከበደው። የሱሉልታ ልጅ ዋና የት ያውቃል? ‘ዛሬ ሱብሒ ሰገድክ?’ አልኩት። ‘ሰግጃለሁ ኡሚ።’ ‘ከማን ጋር?’ ‘ከአንድ የጅማ ልጅ ጋር።’ ‘እንግዲያው ብቻህን አይደለህም። እስከ ጁሙዓ ታገሥ፤ ያን ጊዜም ካቃተህ እንነጋገራለን’ አልኩት። ጁሙዓ መጣ፤ ሌላም ጁሙዓ መጣ። ልጁ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ዋናውን ለመደ።»

ወላጆች ሆይ! የኚህን እናት ጥያቄ ልብ በሉ። አስቀድመው የጠየቁት ስለ ሕመምና ስለ በደል ነው። ሕመምና በደል ካለ ዝም አይባልምና። የሌለ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ግን ድካሙን ከልጁ ትከሻ ላይ አላነሱለትም፤ የሚሸከምበትን አቅም አሳዩት።

የልጅን ባሕረኛነት መቀበል ለአገራችን ወላጆች አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመው የቀድሞው ባሕር ኃይል መኮንኖቹን በአሥመራ፣ ባሕረኞቹን በምፅዋ ያሠለጥን ነበር። የደጋ ልጆች ከአገራቸው ርቀው ቀይ ባሕርን ለመዱ። ምፅዋ በ1990 በጦርነት ተያዘች፤ በ1991 ከመርከቦቹ የቀሩት ወደ የመን ሸሹ። ኃይሉም በ1996 ፈረሰ። በዚያ ዘመን የልጁን ወሬ ከሬዲዮ ሲጠብቅ የኖረ ቤተሰብ ስንት ነው! ባሕር ኃይሉን መልሶ የማቋቋም ሐሳብ በ2018 ይፋ ሲሆን አገሪቱ የባሕር በር ካጣች 25 ዓመት ሆኗት ነበር። የዛሬው ሠልጣኝ ወላጅ ስልክ አለው፤ ጭንቀቱ ግን ያው የጥንቱ ነው።

ለዚህ ጭንቀት ከቁርኣን ታሪክ የተሻለ መጽናኛ ከየት ይገኛል? ቆመንበት የነበረው ሜዳ ራሱ ያስታውሰናል። እንጦጦ የውኃ ድንበር ነው። በአዲስ አበባ በኩል የዘነበው ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። በሱሉልታ በኩል የዘነበው ግን በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ካርቱምን አልፎም ግብፅ ይደርሳል። የነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) እናት ሕፃን ልጃቸውን በሣጥን አድርገው የለቀቁት በዚሁ በዓባይ ውኃ ላይ እንደነበር ሙፈሲሮች ይናገራሉ።

እኚያ እናት ምን አደረጉ? በአላህ (ሱ.ወ.) ቃል ተማምነው ልጃቸውን ለቀቁ። ልባቸው ባዶ ሆኖ ምሥጢሩን ሊያወጡት ሲቃረቡ አላህ አጸናቸውና አልጮሁም። እህቱን ግን ዱካውን እንድትከተል ላኳት፤ እርሷም ማንም ሳያውቅባት ከሩቅ ተመለከተችው። መልቀቅ፣ አለመጮህ፣ ከሩቅ መከታተል... ልጁን ለሥልጠና የላከ ወላጅ ድርሻም ይኸው አይደለምን? አላህም ልጁን ወደ እናቱ መለሰው።

ወደ ጨዋታችን እንመለስ። ሥልጠናው ሲያበቃ ምድብ ወጣ። ጠላቂ ዋናተኛ ለመሆን የተመኘው ልጅ ግምጃ ቤት ተመደበ። «ተናደድኩ» አሉ አባት። «ዘመድ ፈልጌ ላስቀይርለት ተነሳሁ። ጎረቤታችን ሼኽ ግን ‘ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) የግብፅ ግምጃ ቤት ኃላፊ አልነበሩምን? ደግሞስ አንተ በአማላጅ የምታስለቅቀው ቦታ የማን ልጅ ሐቅ ነው?’ ሲሉኝ አፈርኩ።» ዛሬ ልጁ በደወለ ቁጥር አባት ስለ ምድቡ አያማርሩም፤ ስለ አማናው ይጠይቁታል። የሕዝብ ንብረት በእጁ ነውና።

እናንተ ወጣቶችም አትርሱ፤ ባሕር ለሙስሊም ባዕድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች እ.ኤ.አ. በ615 ወደ ሐበሻ የተሻገሩት በመርከብ ነው። በባሕር ውኃ ውዱእ ማድረግ እንደሚቻልም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለጠየቋቸው ባሕርተኞች ነግረዋል። ማዕበል ላይም ቢሆን ሰላት አለ፤ ቤት የቀረ ወላጅም አለ። ደውሉ፤ የምትደውሉት ገንዘብ ሲቸግራችሁ ብቻ አይሁን።

ልንሰናበት ስንነሳ እናት ለልጃቸው የሚልኩትን የገብስ በሶ ሲቋጥሩ አገኘናቸው። ትንሽ ቆንጥረው ለእኛም ሰጡን። ሚኒባሱ እንጦጦን ሲወጣ ወደ ኋላ ዞረን ሜዳውን አየነው፤ በእናትየው ዱዓ ላይም «ኣሚን» አልን።

አላህ ከቤታቸው የራቁ ልጆችን ሁሉ በየብስም በባሕርም ይጠብቅልን፤ ለወላጆቻቸውም ሶብሩን ይስጥልን። ኣሚን!