ውሃ የሌላት የጨው ደሴት ሆርሙዝ

በፋርስ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ፥ የኢራን ምድርና የዐረብ ምድር ሊገናኙ ጥቂት ሲቀራቸው በሚለያዩበት የባሕር ጕሮሮ ላይ፥ ሆርሙዝ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ስፋቷ 42 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ነው፤ ከኢራን ጠረፍም የምትርቀው 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2016 በተደረገው ቈጠራ የነዋሪዎቿ ቍጥር 6 ሺህ እንኳ አልሞላም። ስሟ ግን ከአካሏ ይበልጣል፤ ያ የባሕር ጕሮሮ የሚጠራው በእርሷ ስም ነውና። በ2024 የዓለም ሕዝብ ከፈጀው የነዳጅ ዘይት ከአምስት እጅ አንዱ ያህል በዚያ በኩል አልፏል። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ዘመን ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።)

ደሴቲቱ ጨው ናት። የምድርን ጠባይ የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚሉት፥ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት የደረቀ ባሕር ጨው ከጥልቅ ተቀብሮ ሲኖር፥ በላዩ የተከመረው ድንጋይ ክብደት ስለ ተጫነው፥ እንደ ሊጥ እየተለመጠ ወደ ላይ ገፍቶ ወጣ። ሲወጣም ከሥር ያገኘውን ልዩ ልዩ ድንጋይ ሁሉ ተሸክሞ መጣ። ስለዚህ የሆርሙዝ ተራራ አንድ መልክ የለውም፤ ብረት ያለበት ቀይ ነው፥ ጨው የበዛበት ነጭ ነው፥ ደግሞ ቢጫና ጥቍር፥ ሐምራዊም ይገኝበታል። የአገሩ ሰዎች ሰባ ቀለም አለው ይላሉ። ቈጥሮ ያረጋገጠ እንደ ሆነ እንጃ፤ ነገር ግን ቀስተ ደመና የሚሉትን ሸለቆ ያየ ሰው ስለ ቍጥሩ አይከራከርም። የጨው ዋሻ አለ፤ ነፋስና ዝናም የቀረጹት፥ የአውሬና የሰው ምስል የሚመስል ድንጋይ የሞላበት ገደልም አለ። በባሕሩ ዳር የሚበቅል ዛፍ፥ በሜዳውም የሚሮጥ ሚዳቋ አላት።

ይህ ሁሉ ጌጥ ሲኖራት የሚጠጣ ውሃ ግን አልተሰጣትም። የሆርሙዝን ታሪክ መረዳት የሚወድ ሰው ከዚህ ይጀምር። ለነገሥታቱና ለዕንቍዋ፥ ለመድፏም ታሪክ ሁሉ መክፈቻው ይህ ነው።

የቀድሞዋ ሆርሙዝ ደሴት አልነበረችም፤ በየብስ ላይ፥ ዛሬ ሚናብ በሚባለው አገር አጠገብ የነበረች ከተማ ናት። ማርቆ ፖሎ የጐበኛት እርሷን ነው። በ1300 ገደማ የታታር ፈረሰኞች እየደጋገሙ ቢያስጨንቋት፥ ገዥዋ ባሃ አድ ዲን አያዝ ሕዝቡን ይዞ በዚያን ጊዜ ጀሩን ትባል ወደ ነበረችው ደሴት ተሻገረ፤ ስሙም ከሰዎቹ ጋራ ተሻገረ። ፈረስ በባሕር ላይ አይጋልብምና ከጠላት ዳነ። ነገር ግን ምንጭ ያለበትን አገር ትቶ ጨው ወዳለበት መግባቱ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማዪቱ ትጠጣ የነበረው በጀልባ የመጣላትን ነው።

እንዲህም ሆና ባለጠጋ ሆነች። የፋርስ ሐር፥ የባሕረ ሰላጤው ዕንቍ፥ ወደ ሕንድ የሚሻገር የዐረብና የፋርስ ፈረስ፥ ከሕንድም የሚመጣ ቅመም ሁሉ በእርሷ በኩል ያልፍ ነበር። ዓለም ቀለበት ብትሆን ሆርሙዝ ፈርጧ ናት እያሉ ነጋዴዎች ይመስሏት ነበር። ኢብን ባቱታ መጥቶ፥ ከጨው ድንጋይ የተቀረጸ ዕቃና የመብራት ማስቀመጫ አይቶ ጻፈ፤ ውሃ በዚያ ውድ መሆኑንም አልሸሸገም። ከ1413 ወዲህ በቻይና ንጉሥ መርከብ የመጣው ማ ኋንም የተራራው አራት ገጽ አራት ነገር እንደሚሰጥ ተናገረ፤ አንዱ ጨው፥ አንዱ ቀይ አፈር፥ አንዱ ነጭ፥ አንዱ ቢጫ። ሰዎቹ ከጨው ገበታ ጠርበው ስለሚበሉበት፥ በመብሉ ላይ ጨው መጨመር አያሻቸውም ነበር።

ከእንግዶቿ ሁሉ ይልቅ የክርስቲያን አንባቢን ልብ የሚነካው ግን አፋናሲ ኒኪቲን ነው። ይህ ከትቬር ከተማ የወጣ የሩስያ ኦርቶዶክሳዊ ነጋዴ ሲሆን በቮልጋ ወንዝ በኩል ሲወርድ ታታሮች ዘርፈውት መጻሕፍቱን አጥቶ ነበር። በ1460ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሆርሙዝ ደርሶ የትንሣኤን በዓል በዚያ አከበረ። የአገሩ ፀሓይ ሰው የምታቃጥል እንደ ሆነች ጽፏል። በኋላም ፈረስ ይዞ ወደ ሕንድ ከተሻገረ በኋላ የበዓሉ ቀን መቼ እንደሚውል የሚያውቅበት ስለ ጠፋው በግምት ይጾምና ያከብር ነበር፤ ይህንም በታላቅ ኀዘን ይናገረዋል። ባሕረ ሐሳብን በቃሉ የያዘ ደብተራ ቢሆን ኖሮ ወንበዴ ሊነጥቀው የማይችለው መጽሐፍ በነበረው! ቢሆንም መምህርና ቤተ ክርስቲያን በሌለበት፥ ቄጤማ በማይበቅልበት የጨው ምድር ላይ ትንሣኤን ያልረሳ ነጋዴ ምስጋና ይገባዋል።

ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ ፔሮ ዳ ኮቪልያን የሚባል የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የንግዱን ምሥጢር ሊሰልል ወደ ሆርሙዝ መጣ። የእርሱ መንገድ ያለቀው በኢትዮጵያ ነው፤ በ1490ዎቹ መጀመሪያ ወደ ዐፄ እስክንድር ግቢ ደርሶ፥ ርስትና ሚስት ተሰጥቶት፥ ወደ አገሩ እንዲመለስ ግን ሳይፈቀድለት ቀረ። አባ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 መጥቶ ያገኘው በዚያው ነው። እንግዲህ ስለ ሆርሙዝ ገበያ በዐይኑ ያየ ሰው በኢትዮጵያ ነገሥታት አደባባይ ሲያወራ ኖሯል ማለት ነው።

ሰላይ የሄደበትን መንገድ መድፍ ይከተለዋል። አልቡከርክ በ1507 መጥቶ ምሽግ መሥራት ጀመረ፤ የመርከብ አለቆቹ ቢከዱት ትቶ ሄደ፤ በ1515 ተመልሶ ደሴቲቱን ያዘ፤ በዚያውም ዓመት ሲመለስ በጎዋ አጠገብ በመርከብ ላይ ሞተ። ምሽጉ ከቀይ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ፍራሹ እስከ ዛሬ ቆሟል። በእመቤታችን ስም ሰየሙት። ለምሕረት እናት መታሰቢያ የሚሆነው መድፍ የተደገነበት ግንብ ነውን? ይህን ያሰበው ሰው የእርሷን ስም ከነጋዴ ቀረጥ ጋራ ባያቀላቅለው በወደደች ነበር።

ፖርቱጋሎች ከመቶ ዓመት በላይ ቈዩ። በምሽጉ ውስጥ ታላቅ የውሃ ጕድጓድ አስቈፍረው የዝናም ውሃ ያጠራቅሙ ነበር፤ እርሱ ግን ለከተማ አይበቃም። የሚበቃው ውሃ የነበረው በጎረቤቲቱ በታላቋ ደሴት በቀሽም ነው። ይህን አውቀው በ1621 በቀሽም ጕድጓዶች አጠገብ ሁለተኛ ምሽግ ሠሩ። የፋርሱ ንጉሥ ሻህ አባስ የጦር አለቆችም ይህንኑ ያውቁ ነበርና፥ ከእንግሊዞች የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከቦች ጋራ ተባብረው አስቀድመው የመቱት ሆርሙዝን ሳይሆን ቀሽምን ነው። በሰሜን ያለው ታላቅ ባሕር በስሙ የሚጠራው እንግሊዛዊ ዊልያም ባፊን በ1622 ጥር የሞተው በዚያ ውጊያ ነው። ቀሽም ወደቀች፤ ሦስት ወር ሳይሞላም ሆርሙዝ እጇን ሰጠች። ጕሮሮዋን የያዘ ሰው ቅጥሯን ለመናድ ብዙ አልደከመም።

ከዚያ በኋላ ንግዱ በየብስ ወዳለችው ወደብ ተዛወረ፤ እርሷም በንጉሡ ስም በንደር አባስ ተባለች። የሆርሙዝ ቤቶች ፈረሱ፥ ሰዎቿም ጥቂት ቀሩ።

የቀሩት ልጆቻቸው ዛሬ ፋርስኛን በጠረፉ ዘዬ ይናገራሉ። በዚያ ጠረፍና በደሴቶቹ ላይ በከበሮ የሚለማመኑት መንፈስ ስሙ ዛር ነው፤ ከአፍሪቃ ዳርቻ በባርነት ከተጋዙት ሰዎች ጋራ እንደ ተሻገረ ይታመናል። የወንጌል መምህራን በአገራችን ያወገዙትን ስም በሆርሙዝ ባሕር ዳር ማግኘት ያሳዝናል፤ ነገር ግን ከቤታቸው የተነጠቁ ሰዎች ይዘውት የሄዱት ሌላ ስንቅ እንዳልነበረ አስቦ መፍረድ ይገባል።

በክረምታቸው አልፎ አልፎ ዝናም ሲጥል፥ ከቀዩ ተራራ የሚወርደው ጐርፍ ወደ ባሕር እየገባ ማዕበሉን ደም ያስመስለዋል። የአገሩ ሰዎች ያን ቀይ አፈር ገላክ ይሉታል። ለቀለም ይሸጣል፤ በመርከብም ተጭኖ ብዙ ሄዷል። ሴቶቹ ግን ይበሉታል። በዕብራይስጥ መሬት አዳማ፥ ቀይም አዶም ይባላልና፥ የአዳም ልጅ የተሠራበትን ቢበላ ሊቃውንት አያደንቁም። ትንንሽ ዓሣ ከጨው፥ ከብርቱካን ልጣጭና ከዚሁ አፈር ጋራ በዕቃ ከተው፥ ጥቂት ቀን ፀሓይ ላይ ያኖሩታል፤ ስሙም ሱራግ ነው። ቶምሺ በሚባለው ስስ ቂጣ ላይ፥ ምጣዱ ሳይበርድ፥ በጣታቸው ይቀቡታል።