ወደ ሱባ ጫካ ስትሄዱ ወረንጦ አትርሱ

ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቅ ልጆቹን እውነተኛ ጫካ ማሳየት ለሚፈልግ ቤተሰብ ከመናገሻ ሱባ የተሻለ ቦታ አላውቅም። በጅማ መንገድ ሰበታ ድረስ ትሄዱና ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ ወደ ተራራው ትወጣላችሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ኮረኮንች ስለሆነ በዝናብ ሰሞን ዝቅ ባለች መኪና አትሞክሩት። ማልዳችሁ ከተነሣችሁ ግን ቁርሳችሁን ጥድ ሥር ትበላላችሁ።

ጫካው ያረፈው በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። አንዳንዱ ጥድ ከውፍረቱ የተነሣ አራት የልጅ ልጆቼ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊያቅፉት ሞክረው አልደረሱበትም። ከጥዱ ጋር ዝግባና ወይራ አለ፤ ከፍ ሲባል ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አስታ ይመጣል። ጉሬዛዎቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ነጭ ጭራቸው ከሩቅ ይታያል። ዝም ብሎ ለሚራመድ ሰው የምኒልክ ድኩላም ብቅ ይልለታል፤ እኛ አራት ሕፃናት ይዘን ስለነበር ድኩላው አልመጣልንም።

የሄድነው ባለፈው ገና ነው። ከቨርጂኒያ የመጣችው ልጄ ሁለት ልጆቿን፣ እዚሁ ያለው ወንድሟም የእሱን ሁለት ይዘው ነበር። ሣሩ ላይ ምንጣፍ ሳነጥፍ ልጄ ቆማ ዙሪያውን ቃኘችና «እማዬ፣ እዚህ መዥገር አይኖርም?» አለችኝ። ወንድሟ ሳቀባት። «መዥገር የከብት ነው፤ ሰውን ምን ያደርገዋል?» አላት። እሷ ልጆቿን ወደ መኪናው ልትመልስ፣ እሱ ልጆቹን በባዶ እግራቸው ሊለቅ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት የሠራሁ ሰው ነኝና ሁለቱንም አስቀመጥኳቸው፤ እያንዳንዳቸው የያዙት ግማሽ እውነት ነበር።

የልጄ ፍርሃት ከምትኖርበት አገር የመጣ ነው። በምሥራቅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን ጨምሮ፣ ላይም የሚባል በሽታ የምታስተላልፍ መዥገር አለች። በሽታው ስሙን ያገኘው ኮነቲከት ውስጥ ካለች ላይም ከተባለች ከተማ ነው። ገና ያልጎለመሰችው መዥገር ከጤፍ ፍሬ እምብዛም ስለማትበልጥ ሰው ሳያያት ትቆያለች። አብዛኛውን ጊዜ በሽታውን ለማስተላለፍ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት፤ ስለዚህ በዚያው ቀን ያገኛትና ያነሣት ሰው ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። በሌላ በኩል ከቀናት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ሽፍታ ያየ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። እዚያ ልጅና የልጅ ልጅ ያላችሁ፣ ለጥየቃ ስትሄዱ ሕፃናቱን መናፈሻና ጫካ ይዛችሁ የምትወጡ አያቶች ይህን ብታውቁ መልካም ነው።

የወንድሟ አነጋገርም መሠረት አለው። የእኛ አገር መዥገር ዋና ኑሮው ከብት ላይ ነው። ግን ከብት በዋለበት ሣር ሰው ሲቀመጥ ሰውንም ይነክሳል። ከእኛዎቹ መካከል እግሩ ላይ ነጣ ያለ ቀለበት ያለው፣ ወንዱ ጀርባው በቀለም የተዥጎረጎረ ትልቅ መዥገር አለ፤ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ዓይነቱ የአፍሪካ መዥገር ትኩሳት የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ከንክሻው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ይጀምራል። የተነከሰው ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ይወጣል፤ ብብት ወይም ብሽሽት ውስጥ ንፍፊት ያብጣል። በጊዜ ከታወቀ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው።

መዥገር አይበርም፣ አይዘልም። ሣርና ቁጥቋጦ ላይ ሆኖ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ የሚያልፈውን ይጠብቃል፤ አንዳንዱም መሬት ለመሬት ሄዶ ይደርሳል። ስለዚህ መከላከሉ ቀላል ነው። ልጆቹን ነጣ ያለ ረጅም ሱሪ አልብሱ፤ መዥገሩ ሲሄድ ይታያችኋል። የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ አስገቡ። ከጥርጊያው መንገድ መሐል ሂዱ፤ ከብት ከሚያርፍበት ጥላ ራቅ ብላችሁ ወፈር ያለ ምንጣፍ አንጥፉ። ዲት ያለበት የነፍሳት ማባረሪያ ቅባት ካገኛችሁ በመመሪያው መሠረት ቀቡ፤ ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን አይሆንም፤ ለትንንሾችም እጃቸውንና የዓይናቸውን አካባቢ ተዉ።

ይህን ካደረግን በኋላ ልጆቹን ለቀቅናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሮጡ፣ ወደቁ፣ የጥድ ፍሬ ለቀሙ።

ቤት ስንገባ ከእራት በፊት ሁሉም በየተራ ገላቸውን ታጠቡ፤ እኔም መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ አየኋቸው። መታየት ያለበት ቦታ ማጅራት፣ ከጆሮ ጀርባ፣ የፀጉር ሥር፣ ብብት፣ እምብርት፣ ወገብ፣ ብሽሽትና የጉልበት ማጠፊያ ነው። የአምስት ዓመቷ ልጅ የጉልበት ማጠፊያዋ ላይ አንድ አገኘሁ። እናቷ ደነገጠች፤ ልጅቷ ግን «እማማ፣ ስም እናውጣለት?» አለችኝ።

ወረንጦዬን አመጣሁ። አባቶቻችን እሾህ ለመንቀል አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ወረንጦ ለዚህም ይሆናል፤ ዋናው ጫፉ ቀጭን መሆኑ ነው። መዥገሩን ሆዱን ሳይጫኑ፣ ቆዳው ላይ በተተከለበት በአፉ በኩል ቆንጥጦ መያዝ፣ ከዚያም ሳይጠመዝዙና ሳይነጥቁ ቀጥ አድርጎ ቀስ እያሉ ወደ ላይ መሳብ ነው። የአፉ ስባሪ ቢቀርና በቀላሉ ባይወጣ አትቆፍሩት፤ ቆዳው ራሱ ያስወጣዋል። ቦታውን በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ካለም በአልኮል መጥረግ ያስፈልጋል። መዥገሩን በጣት አታፍርጡት፤ አልኮል ውስጥ ክተቱት ወይም በፕላስተር ጥቅልል አድርጋችሁ ጣሉት።

ክብሪት ማስጠጋት፣ ላምባ ወይም ቅቤ መቀባት፣ ቫዝሊን መለሰን በየቤቱ የምሰማው ነው። እሳቱ ልጁን ያቃጥላል። ሌላውም ቢሆን መዥገሩ እስኪለቅ መጠበቅ ነው፤ እየጠበቅን ሳለ እሱ መምጠጡን ይቀጥላል፣ ሲጨነቅም በአፉ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል። ስንት ሰዓት እንደቆየ መቁጠር ሳያስፈልግ፣ ባያችሁት ጊዜ ንቀሉት።

ቀጥሎ ያለው ነገር ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። የተነከሰበትን ቀን የቀን መቁጠሪያው ላይ ጻፉ። በሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም ጥቁር ቅርፊት ከታየ ወደ ጤና ተቋም ሂዱና «በዚህ ቀን ጫካ ሄደን ነበር፣ መዥገር ነክሶታል» በሉ። አገራችን ውስጥ ትኩሳት ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ወባ፣ ታይፎይድና ታይፈስ ነው። ሣር ላይ ተቀምጣችሁ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ጥቂት ነው። እናንተ ካልተናገራችሁ ልጁ በሌላ በሽታ ስም ሲመላለስ ሊከርም ይችላል። መድኃኒቱን የሚያዝዘው ሐኪም ነው፤ ከመድኃኒት ቤት በግምት ገዝታችሁ አትስጡ።

የልጅ ልጄ ምንም አልሆነችም። አብዛኛው የመዥገር ንክሻ እንዲሁ ያልፋል፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ግን ለቀሪው ነው። የዘንድሮ ልጆች ከስልክና ከቴሌቪዥን ፊት የሚነሡበት ሰዓት ጥቂት ነው፤ በመዥገር ፍርሃት ጫካ ብናስቀርባቸው የምናጎድልባቸው ይበዛል። ቦርሳችሁ ውስጥ ወረንጦ፣ ሳሙና፣ ትንሽ አልኮልና ፕላስተር ይኑር። ማታ ደግሞ ከመተኛታቸው በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት ደቂቃ ስጡት።