የአንኮበሩ ቢላዋ

ስለ አንድ ቢላዋ ይህን ያህል ገጽ ማባከን ምን ይባላል የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ወረቀቱም ቀለሙም በመከራ እንደሚገኝ አልዘነጋሁም። ቢሆንም በዚህች መጽሔታችን ስለ ፍቅርና ስለ ጨረቃ እስኪበቃን ጽፈናልና፣ ዛሬ ስለ ብረት ቢወራ የሚከፋው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። በዚያን ሰሞን ፈረንጆች ጫካ ገብተው ሲያድሩ የሚያሳዩ ፊልሞችን በስልኬ ማየት ለምዶብኝ ነበር። ሰውየው በእጅ የተሠራ አንድ ወፍራም ቢላዋ ይዞ ይገባል፤ በርሱ እንጨት ይፈልጣል፣ በርሱ የእሳት ማቀጣጠያ ይልጋል፣ በርሱ ሥጋውን ቆርጦ ይበላል። የቢላዋው ዋጋ ሲነገር ደግሞ ያስደነግጣል። አፌን ከፍቼ ሳይ ከርሜ አንድ ቀን አያቴ ትዝ አሉኝ። መንዝ ውስጥ በአንዲት ካራ በግ ሲያርዱ፣ ጠፍር ሲቆርጡ፣ የጅራፍ እጀታ ሲጠርቡ አይቻለሁ። ፊልም ያነሳቸው ግን አልነበረም። ያችን ካራ ማን እንደ ሠራት ደግሞ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

«እንዲህ ያለ ቢላዋ አሠራለሁ» ብዬ ተነሣሁ። በጥር ወር ለዕረፍት ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ስገባ፣ የሠፈራችን ብረት በያጅ «እኔ ልበይድልህ እችላለሁ፤ ቢላዋ ከፈለግህ ግን አንኮበር ሂድ፣ ቀጥቃጮች አሉ» አለኝ። ሐሙስ ማለዳ ተሳፈርኩ።

የደብረ ብርሃን ልጅ ብርድ አይፈራም ይባላል፤ ውሸት ነው። ውርጩ ሜዳውን እንደ ጨው አንጥቶት ነበር። ከደብረ ብርሃን አንኮበር አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ የታጨደውን የገብስና የባቄላ ማሳ እያሳየ ሜዳ ለሜዳ ይወስዳችሁና፣ መሬቱ ድንገት ያልቃል፤ ከእግራችሁ ሥር ቆላው እስከ አፋር ድረስ በጭጋግ ተሸፍኖ ይዘረጋል። ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ከዚህ ሆነው ገዙ፤ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት መናገሻቸው ይኸው አንኮበር ነበር። የነገሥታቱን ጦርና ማጭድ፣ ልጓምና ማረሻ የቀጠቀጡት እጆች ግን የማን እንደ ነበሩ በትምህርት ቤት አልተነገረንም።

ጎረቤላ ወርጄ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ካለች ጎጆ ደረስኩ። መስኮት የላትም። ድህነት መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ጨለማው ለሥራው እንደሚያስፈልግ ተረዳሁ። የጋለ ብረት ሙቀቱ የሚለየው በቀለሙ ነው፤ ቀለሙም በደማቅ ብርሃን አይታይም። ሽማግሌው መስፋቸው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ ተራ በተራ እየተጫነ ከሰሉን ያነደዋል። የምፈልገውን በጣቴ መሬት ላይ ሣልኩላቸው። ጥቂት ዝም ብለው አዩና፣

«ጀርባው ይህን ያህል ይወፍር? ለምን?» አሉኝ።

«እንጨት እንዲፈልጥልኝ ነው አባባ።»

«ለእንጨትማ ምሳር አለ» አሉና ሳቁ። ግን እሺ አሉ።

ብረቱ የአሮጌ አይሱዙ ባሌስትራ ነበር። ባሌስትራ ክብደት ተሸክሞ እየታጠፈ እንዲመለስ የተሠራ ስለሆነ፣ በውስጡ ያለው ካርቦን ከተራ ብረት ይበልጣል፤ ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ የሚጠነክረውም በዚሁ ነው። የቤት መሥሪያ ፌሮ ግን ቢያግሉት ቢያቀዘቅዙት እምብዛም ስለት አይዝም። ይህን ያህሉን ከትምህርት አውቀዋለሁ። ሽማግሌው ግን ብረቱን በጉጠት ይዘው፣ ደም መስሎ ሲቀላ የቱ ላይ ማውጣት እንዳለባቸው ያለ ምንም መሣሪያ በዐይናቸው ያውቃሉ። በመዶሻ ሲመቱት ቆይተው፣ በሞረድ ቅርፁን አስተካክለው፣ እንደገና አግለው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ነከሩት። ጎጆዋ በጭስ ተሞላች። የወይራ እጀታ ገጥመው ሲሰጡኝ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሦስት መቶ ብር ከፈልኩ።

ይህን ጊዜ ነው ባለቤታቸው ቆሎና ቡና ይዘው የመጡት።

ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ቡናው ይሸታል። እጄን ልዘረጋ ስል ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ሁሉ አብሮ መጣ፤ «የቀጥቃጭ ቤት አትብላ፣ በዐይናቸው ይበሉሃል» የሚለው ሁሉ። ቡዳ የሚባል ነገር እንደሌለ ዶርም ውስጥ ስንት ሌሊት የተከራከርኩ ሰው ነኝ። አፌ ግን ከእኔ ቀድሞ፣

«ጾም ነኝ እማማ» አለ።

ዕለቱ ሐሙስ ነው። ጥር ነው። ሴትየዋ ፊቴን አዩ፤ ምንም አላሉም። ሲኒውን መልሰው ረከቦቱ ላይ አኖሩት። ቢላዋዬን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወጣሁ።

እቤት ስደርስ እናቴ ቢላዋውን አገላብጣ አየችውና «ከየት ነው?» አለች። ነገርኳት። ወዲያው ከጓሮ ጤና አዳም ቀጥፋ መጥታ ስለቱን ከላይ እስከ ታች አሸችው። ሦስት ጊዜ አጠበችው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ማድ ቤት የገባው።

በማድ ቤቱ ፈተና ልክ እንደ ፊልሙ አልሆነም። ሽንኩርት ለመክተፍ አይመችም፤ ወፍራም ስለሆነ ይፈነክተዋል እንጂ አይከትፈውም። ድንቹን ግማሽ ድረስ ከገባ በኋላ ቀጭ አድርጎ ይሰነጥቀዋል። ቲማቲሙን አፈረጠው። የሱቋ ቀጭን ቢላዋ በዚህ ሁሉ ትበልጠዋለች። ዶሮ ላይ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ሆነ። አሥራ ሁለቱን ብልት ስትገነጣጥል መገጣጠሚያውን አንዴ ዳበስ አድርጎ ያልፋል። ሥጋ ለቋንጣ ስትዘለዝልበትም እጇ አልተያዘም። እናቴ ጥሩ ነው አላለችም፤ ግን ሳትጠራኝ ሁለተኛ ጊዜ አነሣችው። ከዚያ ቡና አፈላች። ጀበናዋን አየሁ፣ የእንጀራ ምጣዱን አየሁ፣ ግድግዳው ላይ የተሰካውን ማጭድ አየሁ። ሁሉም የመጣው ቡናቸውን ከማንጠጣላቸው ሰዎች እጅ ነው። ይህን ልነግራት ፈልጌ፣ ሐሙስ ያልኩት ትዝ ሲለኝ ዝም አልኩ።

በሳምንቱ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወደ ወፍ ዋሻ ደን ወጣን። የአንዱ ዘመዶች ማሳቸው ከደኑ ዳር ነውና እዚያው እንድናድር ፈቀዱልን። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው ከገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ቁልቁል ይወርዳል። ከደኑ አንዲት ቅጠል አልቆረጥንም፤ ማገዶ ከባለማሳው ደረቅ ባሕር ዛፍ ገዛን። ቢላዋው እዚህ ኮራ። ስለቱን ግንዱ ላይ አሳርፌ ጀርባውን በዱላ ስመታው እንጨቱ ለሁለት ይከፈላል። ከተፈለጠው ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ልጋግ እየላግሁ በአንድ ክብሪት እሳት አነደድኩ። ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ፤ እኔም ራሴ የሠራሁት ያህል ተጀነንኩ።

ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ድንች ረመጥ ውስጥ ቀብረን ዙሪያውን ተቀመጥን። ድንቹን በቢላዋው አገላብጥና እዚያው ረመጡ ውስጥ ሰክቼ እተወዋለሁ። ጨዋታው ደርቶ ነበር፤ ምን ያህል ጊዜ እንደ ቆየ አላውቅም። ጠዋት አመዱን ስጠርግለት ጫፉ አካባቢ ከቢጫ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከወይን ጠጅ ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ቀለም አየሁ። «እንዴት ያምራል!» ብዬ ለጓደኞቼ አሳየሁ። ከዚያ አንድ ቋጠሮ ያለበት ደረቅ እንጨት ስመታበት ስለቱ እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ።

እናቴ «አላልኩህም? እጃቸው ነው» አለች። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ በውስጤ እንደዚያው ብያለሁ። «ባሌስትራ ነው ብለው ሌላ ብረት ሰጥተውኛል» ብዬ ተናድጄ ወደ አንኮበር ተመለስኩ።

ሽማግሌው ቢላዋውን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወጡ።

«እሳት ነክቶታል?»

«ኧረ አልነካውም አባባ።»

«ታዲያ ይኸ ሰማያዊ ከየት መጣ?»

መልስ አልነበረኝም። አልተቆጡም። እንዲያውም ለትንሽ ልጅ እንደሚያስረዳ አስተማሪ ቁጭ አድርገው ነገሩኝ። ብረት ግሎ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይደርቃል፤ እንደ ጠርሙስ ነው፣ ቢወድቅ ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና በቀስታ ይሞቃል። ላዩ የገለባ ቢጫ ሲመስል ያወጡታል፤ ለቢላዋ ልኩ ያ ነው። ከዚያ ካለፈ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ከዚያም ሰማያዊ፤ እየለሰለሰ ይሄዳል።

«ሰማያዊው ለባሌስትራ ነው የሚሆነው» አሉ፣ «እኔ ባሌስትራውን ቢላዋ ባደረግሁት፣ አንተ መልሰህ ባሌስትራ አደረግኸው።»

ልጃቸው ወናፉን ትቶ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ሽማግሌው የታጠፈውን አቅንተው፣ አግለው፣ ነክረው፣ ላዩን በድንጋይ ካጸዱ በኋላ፣ ከረመጡ በላይ ይዘው እየጠበቁ አሳዩኝ። በዚያ ጨለማ ውስጥ ወደ በሩ ዘወር እያደረጉ ያዩታል። ቢጫው እንደ ጤዛ ከጀርባው ተነሥቶ ወደ ስለቱ ሲሄድ በዐይኔ አየሁ። «አሁን» አሉና አወጡት። ሃምሳ ብር ተቀበሉኝ።

ባለቤታቸው ረከቦቱን ዘርግተው ነበር። ሲኒ ቀድተው በእጃቸው ይዘው፣ ሳይሰጡኝ፣

«ባለፈው ሐሙስ ጾም ነበርክ» አሉ። «ዛሬ ደግሞ ረቡዕ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሽማግሌው ናቸው ያወጡኝ። «ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ቡና ደግሞ አይገድፍም። ቁጭ በል» አሉ።

ቁጭ አልኩ። ከኀፍረቴ የተነሣ ይመስለኛል፣ ስለ ታሪክ መቀባጠር ጀመርኩ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሰው በእጅ ሥራው እንዳይሰደብ መከልከላቸውን፣ ሁላችንም ከአዳምና ከሔዋን የተወለድን አንድ ነን ማለታቸውን ነገርኳቸው። ሴትየዋ ጸጥ ብለው አዳመጡኝና፣

«አዋጁ ደግ ነው» አሉ። «አዋጅ ግን ቡና አይጠጣ፣ ልጄ።»

ሲኒውን ሰጡኝ። የመጀመሪያውን ስጎነጭ ልቤ ይመታ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እውነት ነው። መጽሐፍ ማንበብና መከራከር አንድ ነገር ነው፣ ጉሮሮ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የለመደውን አይረሳም። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ቀለለኝ። ሦስተኛውን በረካውን ስጠጣ፣ ሴትየዋ አዲስ አበባ ቀጨኔ ስላለች ሸክላ ሠሪ እኅታቸው፣ ጀበና ስንት እንደሚሸጥ እያወሩኝ ነበር።

ማታ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ጾም ነኝ ብዬ መዋሸቴን፣ ቢላዋውን እሳት ውስጥ ረስቼ በሰው ማሳበቤን፣ ቡናውን መጠጣቴን። ስለ ውሸቴ ምንም አላለችም። ስለ ቡናው ግን ብድግ ብላ ፌጦ በጥብጣ ሰጠችኝ። አልተከራከርኳትም፤ ጠጣሁላት። ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ተነሥታ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ጠዋት ቁርስ ስታቀርብ አየት አድርጋኝ፣ «አላመመህም?» አለች።

«አላመመኝም።»

«የሴትየዋ ቡና እንዴት ነው?»

«ካንቺ ይወፍራል።»

ጥቂት ዝም አለችና «ቢላዋውን አምጣው፤ ሥጋው እንዳይበላሽ ልዘልዝለው። ሽንኩርት ግን አልከትፍበትም» አለች። አመጣሁላት። ጤና አዳሙን ዐይኔ ፈለገው። ባለፈው ሳምንት የቀጠፈችው እንጨቱ መደርደሪያ ላይ ደርቆ ተቀምጧል። አላነሣችውም፤ አልጣለችውምም። ቢላዋውን በውሃ አንድ ጊዜ ለቅለቅ አድርጋ ሥጋዋን መዘልዘል ጀመረች።