ጥለትና ቴምብር

በጉለሌ፣ በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ፣ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ጥለቱን ድር እየቆጠሩ ያወጡታል። አንዲት ክር ብትሳት የመስቀሉ ክንድ ይወላገዳል። ቴምብርም እንዲሁ ነው፤ ከአውራ ጣት ብዙም በማትበልጥ ወረቀት ላይ የተሳተ መስመር መሸሸጊያ የለውም።

ይልቅስ የሚከብደው ጥለቱ በማን እጅ ወደ ቴምብር ይሻገር የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የወጡትን፣ የዳግማዊ ምኒልክን መልክ ወይም የይሁዳን አንበሳ የያዙትን ሰባት የመጀመሪያ ቴምብሮቻችንን የቀረጸው ፈረንሳዊው ኤዠን ሙሾን ነው፤ የታተሙትም ፓሪስ ነው። ሥራው የሚናቅ አይደለም፤ እጁ ግን የባዕድ ነው።

በሰሜን ካናዳ የሆነው ከዚህ ይለያል። የኢኑይት ተወላጇ ሠዓሊ ኬኖጁዋክ አሼቫክ ላባዋ እንደ ፀሐይ ጨረር የተዘረጋ ጉጉት ነደፈች፤ በ1960 በኬፕ ዶርሴት በድንጋይ ተቀርጻ ታተመች። በ1970 ያችው ጉጉት በካናዳ ባለ6 ሳንቲም ቴምብር ላይ ወጣች። ለቴምብርነት ያሰናዷት ሌሎች ቢሆኑም መስመሩ የእርሷው ነው።

የሽሮ ሜዳም ጥለት ለቴምብር ቢታጭ፣ ነዳፊው አስቀድሞ ከሸማኔው ጉድጓድ ጠርዝ ቁጭ ማለት ይኖርበታል። ስንት ድር ተነሥቶ ስንቱ እንደሚታለፍ ሸማኔው በጣቶቹ ያውቀዋል።