የጽሕፈት መኪና አይደለም

ሌሊት ብቻውን የሚሠራ ባክአፕ ሲከሽፍ፣ ጠዋት የሚጠብቀን ምስክር ሎግ ፋይሉ ነው። ምስክርነቱ ደግሞ አንዳንዴ ጉድ ያሰኛል። አንድ አሮጌ ሰርቨር ላይ ያገኘሁት በእንግሊዝኛ «የጽሕፈት መኪና አይደለም» ይላል። ነው ያለው ማን ነው? ዳታ ከዲስክ ወደ ዲስክ ገልብጥ ተባለ እንጂ ማመልከቻ ጻፍልኝ ያለው የለም።

የነገሩ ሥር ያለው አሜሪካ፣ ቤል ላብስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን ሲሠሩ፣ የዘመኑ ሰው ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረው እንደ ቴሌታይፕ ሞዴል 33 ባለ ማሽን ነበር። ስክሪን የለውም፤ መልሱን በሰከንድ 10 ፊደል እያንቋቋ ወረቀት ላይ ያትማል። ለዚህ ማሽን ብቻ የሚሆን ትእዛዝ ለተራ ፋይል የሰጠ ፕሮግራም ስህተት ቁጥር 25 ይመለስለታል፤ የ25 ማብራሪያም ያችው ዓረፍተ ነገር ነበረች። ማሽኑ ሙዚየም ገባ፣ ቁጥሩ ግን ጡረታ አልወጣም። ሊኑክስ ቃላቱን ቢቀይርም 25ን እንዳለ ወርሷል።

ከባክአፕ ጋር ምን አገናኘው? በሲ ቋንቋ የስህተት ቁጥር የሚሰፍረው ኧርኖ በተባለ ቦታ ነው። ዳስተር የሌለው ሰሌዳ በሉት፤ የከሸፈ ይጽፍበታል፣ የተሳካለት ግን የቀድሞውን የማጥፋት ግዴታ የለበትም። ዲስክ ሞልቶ መጻፍ ሲያቅት 28 ይሰፍራል። ፕሮግራሙ 28ን ሳያነብ «ባክአፕ አልተሳካም» ሊል ወደ ሎጉ ይሮጣል። በአንዳንድ ሲስተሞች ላይ ጽሑፍ የሚያወጣው ፕሪንትኤፍ መጀመሪያ ሲጠራ፣ የሚጽፍበት ቦታ የዚያ ማሽን ወራሽ የሆነ ቴርሚናል መሆን አለመሆኑን ያጣራል። ፋይል ሆኖ ሲያገኘው ሥራውን በሰላም ይቀጥላል፤ ኧርኖ ላይ ግን 25ን ትቶ ነው። 28 እዚያው ላይ ተቀበረ። ባለሙያውም ዲስክ ማጽዳት ሲገባው ስለ ታይፕ ይመራመራል።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ኮድ ነው፤ ወሬ ከመጀመር በፊት ቁጥሩን ወደ ራስ ቫሪያብል መገልበጥ። እኔ ግን የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ሶፍትዌርን አሠራር እመርጣለሁ፤ የስህተቱን መልእክት ከዳታቤዙ ኮኔክሽን ጋር ያስረዋል። እሱም ቢሆን ወጥመድ አያጣም። ባክአፑ ገና ሲጀመር ከከሸፈ መልእክቱ የሚቀመጠው በመድረሻው ኮኔክሽን ላይ ነው። ይህን ያላነበበ ፕሮግራመር ሄዶ የምንጩን ኮኔክሽን ይጠይቃል። ምንጩም ከደሙ ንጹሕ ነውና «ስህተት አይደለም» ይለዋል።