«ነፋስ ነው አሉ»

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ገባ ማለት ለእኛ ለጂንካ ልጆች ሁለት ነገር ማለት ነው። አንደኛው «ዓሣ ይበላል፣ አይበላም» የሚለው የየዓመቱ ክርክር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ክርክሩን ረትተን ምግብ ቤት ስንገባ አስተናጋጇ የምትሰጠን መልስ ነው፦ «ዓሣ አልመጣም»። ለምን ስንላት «ነፋስ ነው አሉ» ትለናለች። ዓሣና ነፋስን ምን አገናኛቸው? ለዓመታት ሰበብ ነው እያልን ሽሮ በላን። ጋዜጠኝነት ተምረን ተመርቀን እንኳ አንድ ቀን «ማን ነው ያለው?» ብለን አልጠየቅንም።

ባለፈው ኅዳር ግን እኛ (አንድ ብንሆንም እኛ ነን) ቦርሳችንን አንጠልጥለን በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ በኩል ቁልቁል ወደ ኦሞራቴ ወረድን። ከዚያ በጀልባ ወደ ታች፣ ወንዙ ሐይቅ ወደሚሆንበት።

እዚህ ላይ ትንሽ ጂኦግራፊ ታገሱን። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ የባሕር በር የለንም። የጨው ውኃ ዓሣ ማጥመድ የሚባል ነገር ከፈለግን ግን እዚሁ ዞናችን ጫፍ ላይ አለ። ቱርካና ሐይቅ አብዛኛው የኬንያ ሲሆን ሰሜናዊ ጫፉ ወደ እኛ ይገባል። ከሚገባለት ውኃ 90 በመቶ ገደማውን የሚያመጣው ኦሞ ነው፤ መውጫ ግን የለውም። ፀሐይ ውኃውን ስትወስድ ጨውና ሶዳው እዚያው ይቀራል። ባሕር በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ ቱርካና 2.5 ግራም ገደማ ይይዛል። ቀምሰነዋል። ከጨውነቱ ይልቅ ሳሙና ሳሙና ማለቱ ነው አፍ ላይ የሚቀረው።

በትምህርት ቤት ኅዳር የመፀው ወር ነው፣ ውኃ የሚጠራበትና እህል የሚታጨድበት ነው ተብለናል። ዳሰነች ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ክረምት በጅማና በሸዋ የዘነበው ዝናብ ኦሞን ተከትሎ ይወርድና ሐይቁ ከፍ የሚለው ደጋው ከረምቱን ከረሳ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ዳር ዳሩ ያለው ሣርና ሸምበቆ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ቆሮሶም እዚያ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ገብቶ ይራባል። አምባዛ ጭቃውንና ኩሬውን ይመርጣል። ናይል ፐርች ግን ወደ ውስጥ፣ የኦሞ ቡናማ ውኃ ከሐይቁ አረንጓዴ ውኃ ጋር ወደሚገናኝበት ነው። ያንን መስመር ከጀልባ ላይ ቆማችሁ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ይህን ሁሉ ያስረዳን በእኛ ዕድሜ ያለ አንድ የዳሰነች ልጅ ነው። አማርኛው ከእኛ ዳሰነችኛ በብዙ እጥፍ ይሻላል (የእኛ ዜሮ ነው)። ነፋሱን ስንጠይቀው ሳቀ። የቱርካና ነፋስ ከደቡብ ምሥራቅ ይነሣል፤ ሌሊትና ጠዋት ይበረታል፣ ከሰዓት በኋላ ይደክማል። ሐይቁ ደግሞ ከደቡብ እስከ ሰሜን 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማዕበሉ ያን ሁሉ መንገድ እየገነነ መጥቶ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ስለዚህ መረቡን የሚዘረጉት አመሻሽ ላይ፣ ነፋሱ ሲያርፍ ነው። ያውም ሸምበቆው ማዕበሉን በሚሰብርበት በኩል። ሲነጋ ነፋሱ ካላስገባቸው ዳር ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። በዚያ ሙቀት መረብ ላይ የዋለ ዓሣ ይበላሻል። ካልተበላሸም አዞ ይቀድማቸዋል፤ አዞው ዓሣውን ብቻ አይደለም፣ መረቡንም ይዞት ይሄዳል።

«አንድ ዛፍ ተቦርቡሮ በተሠራ ታንኳ ወደ ውስጥ አይገባም፣ እህቴ» አለን። «ናይል ፐርቹ ያለው ውስጥ ነው። የሚገባው ሞተር ያለው ነው።»

አስተናጋጇ እውነቷን ነበር። ይቅርታ ጠይቀናታል።

የሚከብደው ግን ነፋሱ አልነበረም። በዳሰነች ዘንድ ዓሣ አጥማጅ መሆን ሙያ ተብሎ አይኮራበትም። ከብቱ ያለቀበት ሰው ነው ወደ ውኃው የሚወርደው። «ዲየስ» ይሉታል፤ ድኻ እንደማለት ነው። ይህ ልጅም ዲየስ የሆነው በቅርቡ ነው። በ2016 ዓ.ም. ኦሞና ሐይቁ ሞልተው በወረዳው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲያፈናቅሉ የቤተሰቡ የግጦሽ መሬት ውኃ ውስጥ ገባ፤ ከብቱም አለቀ። ዛሬ መረቡን የሚዘረጋው የአባቱ ከብቶች ይግጡበት በነበረው ሜዳ ላይ ነው። ይህን ሲነግረን ድምፁ አልተለወጠም። እኛ ግን ማስታወሻ መያዙን ትተን ውኃውን ማየት ጀመርን።

ታዲያ ውኃ በዛ ማለት ዓሣ በዛ ማለት አይደለም ወይ? ይህንንም ጠየቅነው። ሽማግሌዎቹ የሚሉት ሌላ ነው አለን። ጎርፉ ድሮ በየዓመቱ በጊዜው መጥቶ በጊዜው ይመለስ ነበር፤ ደለል ጥሎ ለማሽላው፣ ሣሩን አጥቦ ለዓሣው። 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊቤ 3 በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ወንዙ ክረምት ከበጋ የተመጣጠነ ሆኗል። በጎርፉ አልምተን አንናገርም። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት መጥቶ 364 ሰው የገደለውም ይኸው ወንዝ ነው። መብራቱንም እንፈልገዋለን፤ ይህን የምንጽፈው በመብራት ነው። ግን ዓሣው የሚራባው በውኃው መውጣትና መግባት መሆኑን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ዲግሪ ያለን እኛ ነበርን ያላወቅነው።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ደከመ። ልጁ መረቡን እያፍታታ ድንገት ቀና ብሎ «ጂንካ ላይ አንድ ዓሣ ጥብስ ስንት ነው?» አለን። ዋጋውን ነገርነው። አልመለሰልንም፤ በጣቱ ትንሽ ቆጠረ፣ ከዚያ ታንኳውን ገፍቶ ወደ ሸምበቆው ሄደ።